ዳንኤል ዌሰንና ባለ ከበሮው ሽጉጥ



በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ የታወቁ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው። ከዚህ ቀደም የነገሥታትን፥ የደራስያንንና የሐኪሞችን ታሪክ አንብበናል። እኔ ዘንድሮ የመረጥሁት ግን ዘውድ ያልጫነ፥ መጽሐፍም ያልጻፈ፥ ዕድሜውን ሁሉ ከብረት፥ ከሞላና ከብሎን ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው። ስሙ ዳንኤል ቤርድ ዌሰን ይባላል። ከባልንጀራው ከሆረስ ስሚዝ ጋር ሆኖ በአሜሪካ አገር ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለውን የሽጉጥ ፋብሪካ ያቋቋመ እርሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ስለ ጦር መሣሪያ ሠሪ መጻፍ ለአንድ ተማሪ ይገባዋልን? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። ይህን ጥያቄ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ሽጉጥ በአገራችን ታሪክ ውስጥ የከበደ ስም ያለው ዕቃ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1868 በመቅደላ አምባ ለጠላት እጃቸውን ከመስጠት ሞትን ሲመርጡ የተጠቀሙበት ሽጉጥ ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው እንደ ነበረ ሁላችንም ተምረናል። ስለዚህ ሽጉጥን እንደ አሻንጉሊት አቅልዬ ለማቅረብ አልተነሣሁም። በአሜሪካ አገር የሚኖር አንድ አጎት አለኝ፤ ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፈው የጥንት ሪቮልቨሮችን በመሰብሰብና በተፈቀደ የዒላማ ሜዳ በመተኮስ ነው። እርሱ የሚልክልኝን ፎቶግራፎች እያየሁ፥ የሚነግረኝን እየሰማሁ፥ ቀርቶም ያነበብሁትን እየጨመርሁ ስሄድ፥ ከዕቃዎቹ ይልቅ የሠራቸው ሰው ሕይወት ሳበኝ። አንድ ሠሪ ከእጁ ለወጣ ዕቃ እስከ ምን ድረስ ኀላፊ ነው? የዌሰን ታሪክ ይህን ጥያቄ ያስነሣል።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። ሪቮልቨር የሚባለው ሽጉጥ እንደ ትንሽ ከበሮ ያለ፥ ብዙ ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ቀዳዳ ያለው ተሽከርካሪ ብረት አለው። ጥይቶቹ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባሉ፤ ከበሮውም በእያንዳንዱ ተኵስ አንድ እርምጃ እየዞረ ተረኛውን ጥይት ከአፈሙዙ ጋር ያጋጥመዋል። በቀድሞው አሠራር ተኳሹ በየተኵሱ መዶሻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ መሳብ ነበረበት፤ የቃታው ሥራ የተሳበውን መዶሻ መልቀቅ ብቻ ነው። ይህን ነጠላ ሥራ ብንለው ይሆናል። በሁለተኛው አሠራር ግን ቃታው ሲሳብ ራሱ ከበሮውን ያዞራል፥ መዶሻውን ያነሣል፥ በመጨረሻም ይለቀዋል። መዶሻውን ማንሣትና መልቀቅ በአንድ ቃታ ስለሚፈጸሙ ይህን ድርብ ሥራ እንለዋለን። የመዶሻውን ሞላ የሚያሸንፈው አመልካች ጣት ስለሆነ የድርብ ሥራ ቃታ ከባድ ነው፤ ጉዞውም ረዥም ነው። የዚህን ቃታ ክብደት አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ፤ ለታሪካችን ዋና ነገር ነውና።

ዳንኤል ዌሰን በ1825 በግንቦት ወር በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር በዉስተር ተወለደ። አባቱ ሩፈስ ዌሰን ገበሬና የእንጨት ማረሻ ሠሪ ነበር። ቤቱ ሀብታም ባይሆንም በሥራ የተሞላ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ኤድዊን በዒላማ ጠመንጃ ሠሪነቱ የታወቀ ባለሙያ ስለ ነበር፥ ዳንኤል ዐሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከእርሱ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። በዚያም አፈሙዝ መቦርቦርን፥ ቃታ መሞረድን፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ፀጕር የሚያህል ልዩነት ጥይቱን ከዒላማው ውጭ እንደሚጥለው ተማረ። ከእኛ መካከል በእጅ ሥራ ክፍል ሞረድ ይዞ የሚያውቅ ሰው ይህ ትምህርት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ይረዳዋል።

በ1847 ዳንኤል ሲንቲያ ሀውስ የምትባለውን ልጅ አገባ። አባቷ ግን ልጄን ለጠመንጃ ሠሪ አልሰጥም ብሎ ተቃውሞ ስለ ነበር፥ ሁለቱ ወጣቶች ወደ ጎረቤት ክፍለ ሀገር ወደ ኮነቲከት ሄደው ተጋቡ። የእጅ ባለሙያን መናቅ በእኛ አገር ብቻ የነበረ ክፉ ልማድ እንዳልሆነ ይህ ነገር ያሳየናል። እኛ ዘንድ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው በስድብ ስም የሚጠሩ ሰዎች በእርሱ ማረሻ አርሰው፥ በእርሱ ጦር ተዋግተው እንደ ኖሩ ሁሉ፥ እዚያም ጠመንጃውን የሚገዙ ሰዎች ሠሪውን ለአማችነት አይፈልጉትም ነበር።

ጋብቻው በተፈጸመ በሁለተኛው ዓመት፥ በ1849፥ ኤድዊን በድንገት ሞተ። የተወው ዕዳ ብዙ ስለ ነበር የሥራ ቤቱ በባለዕዳዎች እጅ ወደቀ። ዳንኤል በሃያ ሦስት ዓመቱ ወንድሙንም መተዳደሪያውንም አጣ። ችግሩ በዚህም አላበቃም። ኤድዊን ከመሞቱ በፊት የደከመበትን ሪቮልቨር የማሳቹሴትስ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ይሠራው ጀምሮ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን የሪቮልቨር የፈጠራ መብት በእጁ የነበረው ሳሙኤል ኮልት ነው። ኮልት በ1836 ያገኘውን መብት ይዞ ኩባንያውን ከሰሰ፤ በ1851ም ረታ። ዳንኤል ከዚህ ሁለት ነገር ተማረ ለማለት ይቻላል። አንደኛው፥ ጥሩ እጅ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ ሁለተኛው፥ በመንግሥት መዝገብ የተጻፈ መብት ከመዶሻ የበረታ መሣሪያ መሆኑን ነው። ይህን ትምህርት በኋላ እንዴት እንደ ተጠቀመበት እናያለን።

ከዚህ በኋላ ዳንኤል ከሆረስ ስሚዝ ጋር ተገናኘ። ስሚዝ በ1808 የተወለደ፥ ከዌሰን በዐሥራ ስድስት ዓመት ከፍ የሚል፥ በስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ለብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው። በ1852 በኮነቲከት ክፍለ ሀገር በኖርዊች ከተማ ማኅበር ፈጠሩ። ከቃታው በታች ያለ ዘንግ እየተሳበ ጥይት የሚያጎርስ ሽጉጥ ሠርተው በ1854 የፈጠራ መብት አወጡበት። ሐሳቡ የረቀቀ ቢሆንም ጥይቱ ደካማ ነበር፤ ባሩዱ የሚቀመጠው በእርሳሱ ውስጥ በተቦረቦረ ጠባብ ጎድጓዳ ስፍራ ስለ ነበር ኀይል አልነበረውም። ሥራው በ1855 ለሌሎች ባለገንዘቦች ተላለፈ። ከነዚያ ባለገንዘቦች አንዱ ኦሊቨር ዊንቸስተር የሚባል የሸሚዝ ነጋዴ ነበር። በኋላ በዓለም የታወቀው የዊንቸስተር ጠመንጃ የተወለደው ከዚሁ ሁለቱ ሰዎች ከተዉት ሥራ ነው። አንድ ሰው ያልተሳካለት ነገር ለሌላው መነሻ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል።

ዌሰን ግን ዐይኑን ከጥይቱ አልነቀለም። በዚያ ዘመን ሪቮልቨር ማጉረስ አድካሚ ነበር። ተኳሹ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ባሩድ ያፈስሳል፥ እርሳስ ይጠቀጥቃል፥ በስተኋላ በኩል የምትፈነዳ ትንሽ ቆብ ይገጥማል፤ ዝናብ ከዘነበና ባሩዱ ከራሰ ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ዌሰን ባሩዱን፥ እርሳሱንና የሚፈነዳውን ቅመም በአንድ ትንሽ የመዳብ ቀለህ ውስጥ አንድ ላይ ለማኖር ደከመ። ቅመሙ በቀለሁ ግርጌ ጠርዝ ውስጥ ተቀምጦ መዶሻው ጠርዙን ሲመታው ይፈነዳል። ይህ ሐሳብ ፈረንሳዊው ፍሎቤር ከጀመረው የቀጠለ ነው፤ ዌሰን ግን ባሩድ ጨምሮ ለእውነተኛ ሽጉጥ አበቃው። ዛሬ በመላው ዓለም ለልምምድ የሚተኰሰው ሃያ ሁለት ካሊበር ጥይት የዚያ ልጅ ነው።

አዲሱ ጥይት እንዲገባበት ግን ከበሮው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተበሳ መሆን ነበረበት። ዌሰን መዝገብ ቢመረምር፥ ሮሊን ዋይት የሚባል፥ በኮልት ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ሰው በ1855 በሚያዝያ ወር በዚህ ነገር ላይ የፈጠራ መብት አውጥቶበት አገኘ። የወንድሙን ሪቮልቨር ምን እንደ ጣለው ያልዘነጋው ዌሰን ነገሩን ቸል አላለም፤ ለዋይት ጻፈለት፤ በ1856 በኅዳር ወርም ተዋዋሉ። ስሚዝና ዌሰን ለሚሠሩት ለእያንዳንዱ ሽጉጥ ለዋይት ሃያ አምስት ሳንቲም ሊከፍሉት ተስማሙ። በውሉ ውስጥ ግን አንድ ከባድ ቃል ነበረበት፤ መብቱን የሚጥስ ሰው ቢነሣ በፍርድ ቤት የመሟገቱን ኪሳራ የሚሸከመው ዋይት ራሱ ነበር።

በዚያው ዓመት ሁለቱ ባልንጀሮች በስፕሪንግፊልድ ከተማ እንደ ገና ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1857ም የኮልት መብት ጊዜው ሲያልፍ የመጀመሪያውን ሪቮልቨራቸውን አወጡ። ሰባት ጥይት የሚይዝ፥ በመዳፍ የሚሸፈን ትንሽ ሽጉጥ ነበር። በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ወታደሮች በገዛ ገንዘባቸው እየገዙ በኪሳቸው ይዘውት ዘመቱ። የዚህ ትንሽ ሽጉጥ ዐይነት እስከ 1880ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከ250,000 በላይ ተሠርቷል። የዋይት መብት እስከ 1869 ድረስ ስለ ጸና፥ ኮልትን የመሰለ ትልቅ ኩባንያ እንኳ በአሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ከበሮ ለመሥራት አልቻለም። ቀድሞ በመብት የተሸነፈው ወገን አሁን በመብት አሸናፊ ሆነ።

እውነተኛ ታሪክ ጸሐፊ ግን የሚወደውን ሰው ድል ብቻ እየቈጠረ ማለፍ አይገባውም። ዋይት መብቱን ለመጠበቅ ዓመታትን በፍርድ ቤት አሳለፈ። በመጨረሻ ሒሳቡ ሲታይ ከስሚዝና ከዌሰን ያገኘው ወደ 71,000 ዶላር ሲሆን፥ አብዛኛውን ለጠበቃና ለክርክር ከፍሎ ጨርሶታል። እነርሱ ግን ከዚያው መብት ያገኙት ከአንድ ሚልዮን ዶላር በላይ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት ለዋይት መብቱ የሚራዘምበትን መንገድ ቢፈቅድለትም ፕሬዚዳንት ግራንት በ1870 በጥር ወር አልፈርምም ብለው መለሱት። ውሉ በሕግ የጸና ነበር፤ ማንም ዌሰንን ውል አፈረሰ ሊለው አይችልም። ነገር ግን በሕግ የጸና ነገር ሁሉ በሚዛን ሲቀመጥ እኩል አይሆንም። እኔ እንደሚመስለኝ በዌሰን ሕይወት ውስጥ ጥላ ያለበት ገጽ ይህ ነው፤ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

በ1870 ኩባንያው ትልቁን ሪቮልቨር አወጣ። ይህ ሽጉጥ ከላይ በኩል ተከፍቶ እንደ ማጠፊያ ወደ ታች ሲታጠፍ ባዶ ቀለሆቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይተፋቸዋል። የአሜሪካ ጦር 1,000 ገዛ፤ የሩስያ መንግሥት ደግሞ በ1871 የ20,000 ትእዛዝ ሰጠ፤ ከዚያም ትእዛዙ እየቀጠለ ከ100,000 በላይ ደረሰ። የሩስያ መኰንኖች ጥይቱ እንዲሻሻል ጠይቀው ስለ ነበር፥ ከዚያ የወጣው ጥይት በዒላማ ተኵስ ለብዙ ዘመን የተመሰገነ ሆነ። ይሁን እንጂ ሩስያ ያንኑ ሽጉጥ በገዛ አገሯ በቱላ፥ እንዲሁም በበርሊን በሉድቪግ ሎወ ፋብሪካ አስመስላ ታሠራ ጀመር። አንድ ደንበኛ ብቻ ተማምኖ መኖር አደገኛ መሆኑን ዌሰን ያን ጊዜ አየ። ሆረስ ስሚዝ በ1873 ስድሳ አምስተኛ ዓመቱን ሲይዝ ድርሻውን ለዌሰን ሸጦ ከሥራ ዐረፈ፤ በ1893ም ሞተ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ያለ ስሚዝ ልምድና ያለ ዌሰን ብልሃት ያ ፋብሪካ አይቆምም ነበር።

አሁን ወደ ድርብ ሥራው ቃታ እንመለስ። ይህን አሠራር የፈጠረው ዌሰን አይደለም። እንግሊዛዊው ሮበርት አዳምስ በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ፥ በቃታ ብቻ የሚሠራ ሪቮልቨር ከኮልት ሽጉጦች ጋር በፉክክር አቅርቦ ነበር። በ1856 ደግሞ ቦሞንት የተባለ የእንግሊዝ መኰንን መዶሻው እንደ ተፈለገ በአውራ ጣትም በቃታም እንዲነሣ አደረገ። በቅርብ ለሚደረግ ውጊያ የሚፈጥን ስለ ሆነ የእንግሊዝ መኰንኖች ወደዱት። አሜሪካውያን ግን ለብዙ ጊዜ ነጠላ ሥራውን መረጡ፤ ቃታው ቀላል ስለሆነ እጅ ሳይናወጥ ያነጣጥራልና። ኮልት ፋብሪካ በ1877 ድርብ ሥራ ሪቮልቨር ቢያወጣ፥ ውስጡ እንደ ሰዓት የረቀቀና ቶሎ የሚሰበር ሆነ። ዌሰን ሳይቸኩል ቈይቶ በ1880 የራሱን አወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ምሳሌያችንን ባያውቀውም ሥራው ግን በእርሱ መሠረት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የእኔን ልብ የነካው የ1887 ሥራው ነው። በሽጉጥ ሰብሳቢዎች ዘንድ ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ። ዌሰን አንድ ሕፃን የቤተ ሰቡን ሪቮልቨር አግኝቶ መዶሻውን ስቦ ራሱን እንዳቈሰለ ሰማ፤ በዚህም እጅግ አዝኖ ሕፃን ሊተኩሰው የማይችለው ሽጉጥ ለመሥራት ቈረጠ ይባላል። ታሪኩ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ ሽጉጡ ግን የሚታይና የሚዳሰስ ነው። ከልጁ ከጆሴፍ ጋር ሆኖ የሠራው ይህ ሪቮልቨር መዶሻው በብረቱ አካል ውስጥ ተሸፍኗል፤ ስለዚህ በአውራ ጣት ሊሳብ አይችልም፤ በድርብ ሥራ ብቻ ይተኰሳል። በእጀታው ጀርባ ላይ ደግሞ እንደ ምላስ ያለ ብረት አለ። ያ ብረት በመዳፍ ተጨምቆ ካልገባ ቃታው አይንቀሳቀስም። እጀታውን አጥብቆ መጨበጥና ያን ከባድ ቃታ እስከ መጨረሻው መሳብ፥ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመፈጸም የትንሽ ልጅ እጅ ጕልበት የለውም። አሜሪካውያን በቀልድ የሎሚ መጭመቂያ ብለው ሰየሙት። እስከ 1940 ድረስ ተሠርቷል።

እኔ በተወለድሁበት ሰፈር ሽጉጡን ጥይቱን ሳያወጣ ከፍራሽ ሥር አስቀምጦ የወጣ አንድ ጎረቤት ነበር። የስድስት ዓመት ልጁ አገኘው። ልጁ ከሞት ተረፈ፤ ግራ እጁ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አይታዘዘውም፤ ከእኛ ጋር ኳስ ሲጫወት በረኛ ለመሆን አይችልም። ስለዚህ የዚያን ሽጉጥ አሠራር ሳነብብ እንደ ተራ የመካኒክ ትምህርት አድርጌ ማለፍ አልተቻለኝም። አንድ ፋብሪካ ሸጦ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ የገዢው ልጅ ጉዳይ ምን አገባኝ ለማለት ይችል ነበር። ዌሰን ግን ኀላፊነቱን በቃታው ክብደትና በእጀታው ምላስ ላይ ጻፈው። እንዲህ ማለቴ ብረቱ ከሰው ጥንቃቄ ይበልጣል ማለት አይደለም። ጎረቤቴ ሽጉጡን ባዶ አድርጎ ቈልፎበት ቢሆን ኖሮ የማንም ፈጠራ አያስፈልገውም ነበር።

ዌሰን በእርጅናው ዘመንም አላረፈም። በ1896 ከበሮው ወደ ጎን የሚወጣ ሪቮልቨር ፋብሪካው አወጣ። በ1899 ደግሞ ሠላሳ ስምንት ካሊበር የሆነው፥ ለጦር ሠራዊትና ለፖሊስ የታሰበው ድርብ ሥራ ሪቮልቨር ተወለደ። ይህ ሽጉጥ በኋላ በ1957 ሞዴል 10 የሚል ስም ተሰጠው፤ በመቶ ዓመት ውስጥም ወደ ስድስት ሚልዮን የሚጠጋ ተሠርቷል። የብዙ አገሮች ፖሊሶች በወገባቸው የታጠቁት እርሱን ነበር። ጥንታዊ ድርብ ሥራ ሪቮልቨር ሲባል ሰብሳቢዎች በመጀመሪያ የሚያስቡት ይህንኑ ነው።

በዚህ ሽጉጥ ምን ሊሠራ እንደሚቻል ያሳየ ሰው ኤድ ማክጊቨርን ነው። በሞንታና ክፍለ ሀገር በሉዊስታውን ከተማ የሚኖር የማስታወቂያ ሰሌዳ ቀቢ ነበር። በ1932፥ በኀምሳ ሰባት ዓመቱ፥ ያንን ከባድ ቃታ አምስት ጊዜ ስቦ አምስቱንም ጥይት በአንድ ሰከንድ ከሃያ እጅ ዘጠኝ እጅ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ተኰሰ፤ ጥይቶቹ ያረፉበት ስፍራም በእጅ መዳፍ የሚሸፈን ነበር። ይህን ያገኘው በወጣትነት ጕልበት ሳይሆን በረዥም ልምምድ ነው። ፍጥነቱንም በወሬ ሳይሆን በኤሌክትሪክ በሚሠራ የጊዜ መለኪያ አስመዝግቦታል። አጎቴ እንደ ነገረኝ የድርብ ሥራ ተኵስ ምስጢር ቃታውን በአንድ ወጥ ጕልበት መሳብ፥ ከመካከል አለማቋረጥ፥ የፊተኛውን ማነጣጠሪያም ከዐይን አለማጣት ነው። የሚጀምረውም ሰው ብዙ ወር በባዶ ሽጉጥ ቃታ መሳብን ብቻ ይለማመዳል።

መሰብሰቡም ቢሆን የራሱ ዕውቀት አለው። ሰብሳቢ አሮጌ ሪቮልቨር ሲያገኝ አስቀድሞ የሚያደርገው ከበሮውን ከፍቶ ባዶ መሆኑን በዐይኑ ማረጋገጥ ነው። ቀጥሎ በእጀታው ግርጌ፥ በከበሮውና በአፈሙዙ ላይ የተቀረጹት ቍጥሮች አንድ መሆናቸውን ያመሳክራል፤ ቍጥሮቹ ከተለያዩ ሽጉጡ ከልዩ ልዩ ክፍሎች የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል። የፈጠራ መብት የተሰጠባቸው ዓመቶችም በብረቱ ላይ ስለሚቀረጹ ታሪኩን እንደ መጽሐፍ ያነብበዋል። የቀድሞ ቀለሙ የደበዘዘ ቢሆንም አያስወለውለውም፤ አዲስ የተቀባ አሮጌ ሽጉጥ ዋጋውንም ታሪኩንም ያጣልና። በጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠሩትን ደግሞ በዛሬ ጠንካራ ጥይት አይተኩሳቸውም፤ ብረታቸው ያን ኀይል ለመሸከም አልተሠራም። በ1968 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠሩትን መሣሪያዎች ጥንታዊ ብሎ ለይቷቸዋል። ስለዚህ የ1896ቱ ሪቮልቨር በዚያ ሕግ ጥንታዊ ሊባል ሲችል፥ በ1899 የተወለደው ታዋቂ ታናሹ ግን በአንድ ዓመት ልዩነት አይባልም።

የዌሰን ፍጻሜ እንዲህ ነው። በስፕሪንግፊልድ ከተማ ሀብታም ሆኖ ታላቅ ቤት አሠራ። የቀድሞ መኖሪያ ቤቱን ግን አልሸጠውም፤ በ1900 ለሐኪም ቤት ሰጠው። ከዚያም በስሙ የተጠራ ትልቅ ሐኪም ቤትና ለወላድ እናቶች የሚሆን ሌላ ሐኪም ቤት እንዲሠሩ ገንዘብ አወጣ። አባቷ የከለከላት ሲንቲያ ኀምሳ ዘጠኝ ዓመት አብራው ኖራ በ1906 ክረምት ዐረፈች። እርሱም ብዙ ሳይቈይ በነሐሴ 4 ቀን 1906 በሰማንያ አንድ ዓመቱ ተከተላት። ታላቁ ቤቱ በ1966 በእሳት ጠፋ። ኩባንያው ደግሞ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ በስፕሪንግፊልድ ከቈየ በኋላ በ2023 ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ቴነሲ ክፍለ ሀገር አዛወረ። ሐኪም ቤቶቹ ከሌሎች ጋር ተዋሕደው የከተማው ትልቅ የሕክምና ማዕከል ሆነዋል።

ሐኪም ቤት መስጠቱ ሽጉጥ መሥራቱን ይሽራል ብዬ አልከራከርም፤ ሽጉጥ መሥራቱም ሐኪም ቤቱን ከንቱ አያደርገውም። ከእርሱ ፋብሪካ በወጡ መሣሪያዎች የተጠበቁ ሰዎች አሉ፤ የሞቱም አሉ። ሮሊን ዋይትም ከውሉ ያተረፈው ጥቂት እንደ ሆነ አይተናል። አንድ ሰው በአንድ ሚዛን ተመዝኖ አያልቅም። እኔ ከሕይወቱ የወሰድሁት ትምህርት አንድ ነው፤ ዕቃ ከሠሪው እጅ ሲወጣ ኀላፊነቱ አብሮት አይወጣም፤ ከሠሪው ጋር ይቀራል። ነገ መሐንዲስ፥ ሐኪም፥ ነጋዴ ወይም አናጢ ለምንሆን ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ድልድይ የሚሠራ ሰው በላዩ የሚያልፈውን ሕፃን፥ መድኀኒት የሚቀምም ሰው ጠርሙሱን የሚከፍተውን ሕፃን አስቀድሞ ማየት አለበት።

ክቡራን ወላጆቻችንንም አንድ ነገር በትሕትና እለምናለሁ። በቤታችሁ በሕግ የተፈቀደ መሣሪያ ያላችሁ ብትኖሩ፥ ዛሬ ይህን መጽሔት ካስቀመጣችሁ በኋላ ጥይቱ መውጣቱንና መሣሪያው መቈለፉን እዩልን። የዌሰን ከባድ ቃታ በሁሉም ሽጉጥ ላይ የለም።